ለኢላማ ጠመንጃ አዲስ ምላጭ መግጠም፦ የቀለለው ሳይሆን የማይለዋወጠው ነው የሚጠቅምህ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ አሰላሙ አለይኩም። ያደግኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ አሁን የምኖረው ዴንቨር ነው። እዚያ የኢላማ ተኩስ ክለብ ገብቻለሁ። ረሚንግተን 700 አለኝ፣ ካሊበሩ .308 ነው፤ በኤፍ ክላስ፣ ማለትም ተኝተው በመነጽር ሩቅ ኢላማ በሚተኩሱበት ውድድር፣ ባለሁለት እግር መደገፊያ በሚፈቀድበት ምድብ እወዳደራለሁ። የፋብሪካው ምላጭ ከበደኝ፤ በክለቡ ሚዛን ሲለካ ለመሳብ 2 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። አጠገቤ የሚተኛው ሰውዬ የሱን 60 ግራም ላይ አድርጎታል፣ ውጤቱም ከኔ በጣም ይሻላል። የትኛውን ምላጭ ልግዛ? ራሴ መግጠም እችላለሁ? ወይስ የድሮውን በሞረድ ላቅልለው? ያገለገለም በርካሽ አግኝቻለሁ። በመከር በዚሁ ጠመንጃ አደን እወጣለሁ። ለአረፋ ደሴ ስለምመጣ ይዤው መጥቼ ኮምቦልቻ እርስዎ ጋ ብንገጥመውስ?»

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። አብሽር፣ ለሁሉም መልስ አለው። ከመጨረሻው ልጀምር፣ አጣዳፊው እሱ ነውና። ምላጩን ይዘህ እንዳትመጣ። ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ብረት ትመስላለች፤ ግን የጠመንጃ አካል ናት። ቦሌ ላይ ሻንጣህ ሲከፈት «ለስፖርት ነው» ማለት አያድንህም። እኛ ጋ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ ነገር ያለ ፈቃድ ማስገባት ያስጠይቃል። ከአሜሪካ ስትወጣም የመሣሪያ ክፍሎች የኤክስፖርት ቁጥጥር አለባቸው። ለአንዲት ምላጭ ብለህ የናትህን አረፋ አታበላሽ።

እኔም ውጭ ሀገር በኢላማ ጠመንጃ ጥገና የሠራሁትን ሥራ እዚህ አልሠራም። ኮምቦልቻ ያለኝ ቶርኖ ቤት ነው፤ ለፋብሪካ ማሽኖች ዘንግና ቡሽ እቀርጻለሁ። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ያሳለፉትን አንተም በሩቅ ሆነህ ሰምተሃል። እዚህ ጠመንጃ ሲባል ሰው የሚመጣበት ሌላ ነገር ነው። የኢላማ ተኩስ ትዕግሥትና ልክ የሚጠይቅ የተከበረ ስፖርት ነው፣ ከልቤ እወደዋለሁ። ስለዚህ ነው ከእንዲህ ያለ ጣጣ ጋር እንዲነካካ የማልፈልገው። ለአረፋ ስትመጣ ሐረጎን ወርደህ ና፤ የተኮስክባቸውን ወረቀቶች ብቻ አምጣልኝ። ከወረቀቱ ብዙ ነገር ይነበባል።

አሁን ወደ ዋናው። የሰውዬውን ውጤት ያመጣው 60 ግራሙ አይደለም። ይህን ካመንከኝ ገንዘብም ትቆጥባለህ፣ አደጋም ታመልጣለህ።

ምላጭ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንየው። የማቀባበያውን እጀታ አንስተህ ስትከፍተው መርፌውን የሚገፋው ሞላ ይወጠራል። ስትዘጋው ያን የተወጠረ ሞላ ይዞ የሚያቆየው አንድ ትንሽ የብረት ጥርስ ነው። ጥርሱ ሌላ ብረት ላይ ያርፋል። ምላጩን ስትስብ ያ ማረፊያ ከሥሩ ይሸሻል፣ ጥርሱ ይለቃል፣ መርፌው ይፈነጠራል። በር ላይ ያለ መወርወሪያ ማለት ነው፤ ብዙ ከገባ ለማውጣት ያታግልሃል፣ ትንሽ ከገባ ደግሞ በሩን ጠንከር አድርጎ የገፋ ሁሉ ይከፍተዋል። የምላጭ ሥራ ጥበብ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ ጥርሱ ምን ያህል ነክሶ ይያዝ?

ሦስት ነገር ለይተህ እወቅ። አንደኛው ክብደቱ ነው፤ ጣትህ ስንት ግራም ሲጫን ይለቃል የሚለው። ሁለተኛው የጥርሱ ንክሻ ነው፤ ንክሻው ሲበዛ ምላጩ ከመልቀቁ በፊት ትንሽ ትንሽ ሲንሸራተት ጣትህ ላይ ይሰማሃል። ሦስተኛው ትርፍ ጉዞ ነው፤ ከለቀቀ በኋላ ጣትህ እስኪቆም የሚሄደው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንደኛው ነው። ውጤትህን የሚያበላሹት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ለምን ብትል፣ ጣትህ ከባድ ነገር ይለምዳል። የሚለዋወጥ ነገር ግን አይለምድም። ሁልጊዜ 900 ግራም ላይ እኩል የሚለቅ ምላጭ፣ አንዴ 50 አንዴ 90 ግራም ላይ ከሚለቅ ምላጭ ይበልጣል። የመጀመሪያው መቼ እንደሚለቅ ጣትህ ያውቃል፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ያስደነግጥሃል።

ክብደት ምንም አይደለም እያልኩህ ግን አይደለም። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አሜሪካ ውስጥ ኤፍ ክላስ 1000 ያርድ ላይ ስትተኩስ ባለ 10 ነጥብ ክቡ 10 ኢንች ነው። በሜትር ስናደርገው በ914 ሜትር ላይ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ከመሃል ወደ ጠርዝ 12.7 ሴንቲሜትር አለህ። አሁን ጠመንጃህ ከፊት በእግሩ ቆሟል፣ ከኋላ ሰደፉ ከረጢት ላይ አርፏል፣ በሁለቱ መሃል 80 ሴንቲሜትር አለ እንበል። ምላጩን ስትስብ ሰደፉ ወደ ጎን በ0.1 ሚሊሜትር ቢገፋ፣ 0.1ን ለ800 አካፍለህ በ914 ሜትር ስታበዛው 11 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። የወረቀት ውፍረት በምታህል እንቅስቃሴ ከመሃል ተነስተህ ጠርዝ ላይ ደረስክ። 2 ኪሎ የሚጫን ጣት ሰደፉን በዚያች ልክ አይገፋም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ክብደቱን መቀነስህ ልክ ነው። ጥያቄው እስከ የት የሚለው ነው።

ከመግዛትህ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጥፋቱ የምላጩ መሆኑን በምን አወቅክ? 1000 ያርድ ላይ ነፋስ አለ፣ ጥይት አለ፣ አተኛኘት አለ። እዚያ ርቀት ላይ ወደ ጎን የተበተነን ወረቀት አይቶ «ምላጭ ነው» ማለት ጥንቆላ ነው። ቀረብ በል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት 100 ያርድ ላይ ተኛ። ጥይት አውጣ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ፣ ከዚያ በመነጽሩ የመስቀሉን መሃል እያየህ ባዶ ተኩስ ተለማመድ። ሲለቅ መስቀሉ ባለበት ከቀረ ምላጭህ እየበደለህ አይደለም። ዘለል ካለ ግን ወይ ጣትህ ነው ወይ ምላጩ። ይህን ለመለየት የክለብ ጓደኛህን ያዝ፤ እሱ አንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዴ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት ያጉርስልህ፣ የትኛው እንደሆነ አይንገርህ። የልምምዱ ጥይት ላይ አፈሙዙ ወደ ታች ካጎነበሰ እየፈራህ ነው። ያንን ችግር የትኛውም ውድ ምላጭ አይፈታውም።

ይህን ሁሉ አድርገህ «አይ፣ ምላጩ ነው» ካልክ እንቀጥል።

አንድ ነገር አስቀድመህ አጣራ። ረሚንግተን በሚያዝያ ወር 2014፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ኤክስ ማርክ ፕሮ የሚባለው ምላጭ ያለባቸውን 700ዎች መልሱልኝ ብሎ ጠርቶ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 2006 እስከ ሚያዝያ 9 ቀን 2014 የተሠሩት ናቸው፣ አሁንም በፈረንጆቹ። ምክንያቱ ምን መሰለህ? ሲገጣጠም የተደረገው ማጣበቂያ በአንዳንዶቹ ላይ በዝቶ ስለነበር፣ ጣት ሳይነካው ሊተኩስ ይችላል ተብሎ ነው። ያንተ በእነዚያ ዓመታት የተሠራ ሆኖ ካልተስተካከለ፣ ውድድሩን ተወው፣ ለደህንነትህ ስትል ብቻ ምላጩን መቀየር አለብህ። የጠመንጃውን ቁጥር ይዘህ አጣራ። እስከዚያው አትተኩስበት።

በሞረድ ማቅለሉን በፍጹም እርሳው። ይህን በቁጣ ነው የምነግርህ። እነዚህ ጥርሶች ላያቸው ብቻ የጠነከረ ብረት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የጠነከረው ሽፋን ደግሞ ስስ ነው። በሞረድ ስትነካው ሽፋኑ ይሄዳል፣ ሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ይቀራል። ለሳምንታት ቅቤ የመሰለ ምላጭ ይሆንልሃል። ከዚያ ለስላሳው ብረት እየተበላ ማዕዘኑ ይጠፋል፣ አንድ ቀን ማቀባበያውን ስትዘጋ ራሱ ይተኩሳል። አፈሙዙ ያኔ ወዴት ዞሮ እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው። ብረት በመቅረጽ ነው የምተዳደረው፤ ግን የምላጭ ጥርስ በእጅ ሞረድ የሚነካ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ተሠርቶ ያለቀ ግዛ። የረሚንግተን 700 ባለቤት በመሆንህ ዕድለኛ ነህ፤ ለዚህ ጠመንጃ የሚሠራው ምላጭ ብዙ ነው። ቲምኒ የአሜሪካ ነው፣ ትሪገርቴክ የካናዳ ነው፣ ጂዌል የአሜሪካ ነው፣ ቢክስን አንዲ የኦስትሪያ ነው። ሲሸጡ በኦንስና በፓውንድ ነው የሚናገሩት፤ አንድ ኦንስ 28 ግራም ገደማ፣ አንድ ፓውንድ 454 ግራም ነው። የትሪገርቴክ ፕራይመሪ የሚባለው ከ680 ግራም እስከ 1.8 ኪሎ ይስተካከላል። ዳይመንድ የሚባለው ከ113 ግራም እስከ 900 ግራም ገደማ ነው። የቲምኒ ካልቪን ኤሊት ከ227 ግራም እስከ 1.1 ኪሎ ይደርሳል። ጂዌል ከዚህም በታች ይወርዳል፤ ከጠረጴዛ ላይ የሚተኩሱት ሰዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ጎረቤትህ 60 ግራም ላይ ያደረገው እንዲህ ያለውን መሆን አለበት።

የትሪገርቴክን አሠራር ለብቻው ልጥቀስልህ፣ ብልህነቱ ስለሚገርመኝ። በሌሎቹ ላይ ሁለት ብረት እርስ በርሱ እየተፋተገ ነው የሚለቀው። እነሱ በሁለቱ መሃል ትንሽ ተንከባላይ ብረት አስገቡ። ፍትጊያው ወደ መንከባለል ተቀየረ። በዚህ ምክንያት ጥርሱ በደንብ ነክሶ እያለም ጣትህ ላይ መንሸራተት አይሰማህም። ንክሻው ሳይቀንስ ንጹሕ መልቀቅ ማግኘት ማለት በምላጭ ዓለም ቀላል ነገር አይደለም። እኔን ብትጠይቀኝ ለጀማሪ የኤፍ ክላስ ተወዳዳሪ የምመርጠው ወይ እንዲህ ያለውን፣ ወይ የቲምኒን ነው።

ባለ አንድ ደረጃ ይሁን ባለ ሁለት? ባለ ሁለት ደረጃው መጀመሪያ ቀለል ያለ ጉዞ አለው፣ ከዚያ ግድግዳ የነካህ ያህል ይቆማል፣ ከዚያ ትንሽ ስትጨምርበት ይለቃል። ቆመው ለሚተኩሱ፣ በአየር ጠመንጃም ለሚወዳደሩ ይመቻል። አንተ ተኝተህ፣ ጠመንጃው በእግሩ ቆሞ ስለሆነ ባለ አንድ ደረጃው ይበቃሃል። የለመድከውም እሱን ነው።

ክብደቱን በተመለከተ ከ450 እስከ 700 ግራም መሃል ጀምር። በዚያ አንድ ሙሉ የውድድር ወቅት ተኩስበት። ከዚያ በታች መውረድ ካማረህ ያኔ ጣትህ ራሱ ይነግርሃል። በምንም ተዓምር ግን አምራቹ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ በታች ብሎኑን አትፍታ።

ደግሞም የውድድሩን ደንብ አንብብ። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ በ300 ሜትር ስታንዳርድ ጠመንጃ ትንሹ የምላጭ ክብደት 1500 ግራም ነው። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ 500 ግራም ነው። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ግን የክብደት ገደብ የለም። አሜሪካ ውስጥ ሰርቪስ ራይፍል በሚባለው ምድብ 4.5 ፓውንድ፣ ማለትም 2 ኪሎ ገደማ ነው። አንተ ያለህበት ምድብ ጠመንጃው ከነመነጽሩና ከነእግሩ ከ8.25 ኪሎ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ምላጩን በተመለከተ የክለብህን ዳኛ ጠይቅ። ነገ ሌላ ምድብ ብትገባ በዚሁ ምላጭ ልትከለከል እንደምትችል አትርሳ።

ራስህ መግጠም ትችላለህ ወይ? የምትኖርበት ቦታ ሕግና ክለብህ ከፈቀዱ፣ እጅህም ረጋ ያለ ከሆነ፣ አዎ። የረሚንግተን 700 ምላጭ የሚያዘው በሁለት ፒን ነው። መጀመሪያ ጥይት የሚባል ነገር ከክፍሉ ይውጣ፤ ጠረጴዛው ላይም፣ መሳቢያው ውስጥም አይኑር። ማቀባበያውን አውጣ። የጥይቱን ቤት በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ከዚያ ከሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፍታና ብረቱን ከሰደፉ አንሳ። ትክክለኛ መፍቻ ተጠቀም፤ በማይመጥን መፍቻ የተበላ ብሎን ያበሳጫል።

ፒኖቹን ስትመታ ብረቱን ለስላሳ ነገር በለበሰ ሞርሳ ያዝ፣ በልኩ የሆነ የናስ መምቻ ተጠቀም። እዚህ ጋ ተጠንቀቅ። ከፒኖቹ አንዱ ማቀባበያው ወደ ኋላ እንዳይወጣ የሚያቆመውን ትንሽ ብረትና የሱን ሞላ ጭምር ነው የያዘው። ፒኑ ሲወጣ ሞላዋ ትፈናጠራለች። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ ቃል በቃል ሶፋ ሥር ተንበርክከህ ነው የምትለቅመው። ከመንካትህ በፊት በስልክህ ከሁለቱም ጎን ፎቶ አንሳ። ከሥሩም ነጭ ፎጣ አንጥፍ። አዲሱ ምላጭ ሲገባ ይህቺኑ ብረትና ሞላ ወደ ቦታቸው መመለስ አለብህ። ፒኑ በእጅ ግፊትና በቀላል መታ መታ ካልገባ ቀዳዳዎቹ አልተገጣጠሙም ማለት ነው፤ በመዶሻ አታስገድደው።

ምላጩ ከገባ በኋላ ወደ ሰደፉ ከመመለስህ በፊት ማቀባበያውን አስገብተህ ቀስ ብለህ ክፈት፣ ዝጋ። ያለ ግፊት መሄድ አለበት። ሲዘጋ መጨረሻ ላይ ከበፊቱ የበለጠ ከከበደ፣ አዲሱ ጥርስ የመርፌውን ጅራት የሚይዝበት ቦታ ከድሮው ተለይቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር የባለሙያ ሥራ ይሻል፤ እዚያው አቁምና ለአምራቹ ጻፍ ወይም ወደ ጠመንጃ ሠሪ ውሰደው።

ወደ ሰደፉ ስትመልሰው ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። አዲሱ የምላጭ ቤት ከድሮው ትንሽ ሊወፍር ይችላል። ብሎኑ ሲጠብቅ የሰደፉ እንጨት ወይም ፕላስቲክ የምላጩን ቤት ከነካው፣ ምላጩ ተጫነ ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ እንደ ሰዓት ሲሠራ የነበረው ሰደፉ ውስጥ ሲገባ ይለወጣል። ቀጭን ወረቀት በዙሪያው አሳልፍ፤ ካላለፈ ሰደፉ መነካት አለበት እንጂ ምላጩ አይነካም። የብሎኖቹን ጥብቀት ሰደፉን የሠራው ድርጅት በሚሰጠው ልክ አድርግ። መሃሉ አሉሚኒየም ለሆነ ሰደፍ የተለመደው 7.3 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በመለኪያ መፍቻ ነው እንጂ በክንድ ስሜት አይሠራም።

ማስተካከያ ብሎኖቹ ላይ ማጣበቂያ አድርግ ተብሎ መመሪያው ላይ ካለ በመርፌ ጫፍ የምትነሳ ጠብታ ትበቃለች። ቅድም የነገርኩህን የረሚንግተን ጥሪ አስታውስ። ማጣበቂያ ወደ ውስጥ ከፈሰሰ ያ ሁሉ ፋብሪካ ያልዳነበት ነገር አንተንም አይምርህም።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። መግጠሙ ከሰዓት አይበልጥም፤ ፈተናው ሙሉ ከሰዓት በኋላ ይውሰድብህ። ይህን የማታደርግ ከሆነ ምላጩን ባትገዛው ይሻላል።

ሁሉም የሚሠራው በባዶ ጠመንጃ ነው። ማቀባበያውን በኃይል፣ በፍጥነት ደጋግመህ ዝጋ፤ ከ20 ጊዜ ባላነሰ። ከእያንዳንዱ በኋላ ምላጩን ሳብ። «ቀጭ» ካለ ተወጥሮ ነበር፣ ደህና ነው። ዝም ካለ ግን ስትዘጋው ሳታውቀው ለቋል። አንዴ እንኳ ዝም ካለ ምላጩ አልተስተካከለም፤ ንክሻው ወይም ክብደቱ አንሷል። ከዚያ አወጣጥረህ ሴፍቲውን ዝጋ፣ ምላጩን ጠንከር አድርገህ ሳብ፣ ልቀቅ። ጣትህን ሙሉ በሙሉ አውጥተህ ሴፍቲውን ክፈት። መልቀቅ የለበትም። ይህችን ፈተና ደጋግማት፤ ሴፍቲ ሲከፈት የሚተኩስ ጠመንጃ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ነው። ከዚያ ሰደፉን ወፍራም ጎማ ላይ ከ30 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍታ ጣል አድርገው። በጎማ መዶሻም ከጎን፣ ከላይ፣ ከኋላ መታ መታ አድርገው፤ ሴፍቲው ተከፍቶም ተዘግቶም። አሁንም በየመሃሉ ምላጩን እየሳብክ «ቀጭ» ማለቱን አረጋግጥ።

ክብደቱን ለመለካት ዲጂታል ሚዛን ካለህ ጥሩ። ከሌለህ ሃይላንድ ይበቃሃል። እዚህ ቶርኖ ቤቴ ውስጥ ለሌላ ሥራ ሞላ የምለካው በሱ ነው። የሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ላይ ጠንካራ ሽቦ እሰር፣ የሽቦውን ጫፍ እንደ ጣት ለስለስ አድርገህ ቆልምም። ባዶውን ከነሽቦው ኩሽና ሚዛን ላይ አስቀምጠህ ስንት ግራም እንደሆነ ጻፍ። ጠመንጃውን አወጣጥረህ አፈሙዙን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ያዝ። ሽቦውን ምላጩ መሃል፣ ጣትህ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንጠልጥል። ሃይላንዱ መሬት ነክቶ ይቀመጥ። ከዚያ ጠመንጃውን ቀስ ብለህ አንሳ። ካልለቀቀ በመርፌ ሲሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምር፣ ድገም። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ነው። የለቀቀበትን ጻፍ። በውድድርም ዳኞች በመሠረቱ የሚለኩት እንዲሁ ነው፤ ክብደቱ ከመሬት ሲነሳ ምላጩ መሸከም አለበት። አንገጫግጨህ ካነሳኸው ቁጥሩ ይዋሻል፣ ስለዚህ ቀስ በል።

ይህን አሥር ጊዜ ደጋግም። እዚህ ላይ አማካዩን ብቻ አትይ፤ ትልቁና ትንሹ ምን ያህል ይራራቃሉ የሚለውን እይ። 600 ግራም ላይ ያደረግከው ምላጭ በ590 እና በ615 መሃል ከተጫወተ ጥሩ ዕቃ ይዘሃል። 520 እና 690 እያለ ከዘለለ፣ ወይ ቆሻሻ አለበት፣ ወይ ሰደፉ እየነካው ነው፣ ወይ ዕቃው ራሱ አይረባም። ለአረፋ ስትመጣ ይህን ቁጥር የጻፍክበትን ወረቀትም አምጣልኝ።

ዘይት! እባክህ ምላጩ ውስጥ ዘይት እንዳታንጠባጥብ። ግራሶማ ጭራሽ አይታሰብም። ደሴ ላይ ክረምት ጠዋት፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ እያለ፣ የማሽን ግራሶ እንዴት እንደሚደርቅ አይተህ ይሆናል። ኮምቦልቻ ስንወርድ ያው ግራሶ ይላላና አቧራ ይሰበስባል። የዴንቨር ክረምት ከደሴ የባሰ ነው። በሙቀት ያስተካከልከው ምላጭ ዘይቱ ሲወፍር ዘግይቶ ይመለሳል፣ ጥርሱም ሙሉ በሙሉ ሳይነክስ ይቀራል። ሳይነክስ የቀረ ጥርስ ደግሞ ማቀባበያው ሲዘጋ ይለቃል። ከበርሜሉ ጽዳት የሚፈሰው ዘይትም በማቀባበያው ቦታ ወርዶ ምላጩ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ስታጸዳ አፈሙዙ ዝቅ ይበል። ከቆሸሸ አብዛኞቹ አምራቾች በሚፈቅዱት የላይተር ቤንዚን እጠበውና ይድረቅ። መስኮት ክፈት፣ እሳት አይኑር።

ስለ አደኑ ያለኝ ቃል አጭር ነው። በውድድር ልክ ባቀለልከው ምላጭ አደን አትውጣ። ጓንት አድርገህ፣ ጣትህ በብርድ ደንዝዞ፣ ልብህ እየመታ፣ እግርህ ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ 500 ግራም ምንም አይደለም፤ ሳትሰማው ይለቃል። ለአደን ከ1.3 ኪሎ በታች እኔ አላደርግም። ምላጩ እስከዚያ ድረስ ከፍ የሚል ከሆነ ከአደን በፊት አስተካክለህ ፈተናውን ሁሉ እንደገና ሥራ። እዚያ የማይደርስ ከሆነ ለአደን ሌላ ጠመንጃ ያዝ። ቅድም የጠቀስኩልህ ፕራይመሪ እስከ 1.8 ኪሎ ስለሚደርስ ለሁለቱም ይሆንሃል፤ ላንተ እሱን የማደላው አንዱ ምክንያቴ ይህ ነው።

ያገለገለውን በርካሽ ስለማግኘትህ፣ ሦስት ነገር ጠይቅ። የትኛው ሞዴል ነው? ተፈቶ ያውቃል? ጥርሱ ተነክቷል? ሻጩ «ትንሽ አሻሽዬዋለሁ» ካለህ በነጻም አትውሰደው። ሣጥኑ፣ መመሪያውና የመጀመሪያዎቹ ብሎኖች ካሉት፣ የፋብሪካው ማሸጊያ ቀለም ብሎኖቹ ላይ ካለ፣ ግዛው። ገዝተህም በመጀመሪያ በላይተር ቤንዚን እጠብ፣ ከዚያ የሃይላንዱን ልኬትና የመዶሻውን ፈተና እንደ አዲስ አድርግበት። ካላለፈ መልስለት፤ ካልመለሰልህ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ጠመንጃው ላይ አይውጣ።